ሳይፈስ የተጻፈ ውሃ

ሰቆጣ ውስጥ ሰው ሳይሞት የሕይወት ታሪኩን ማጻፍ ካማረው የሚሄደው ምንዋጋው ዘንድ ነው። ምንዋጋው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይጽፋል። ማመልከቻ ይጽፋል፤ የሠርግ መልካም ምኞት ይጽፋል፤ ለሙት ዓመት ግጥም ይገጥማል። ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ግን አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የሚልካትን «ከወዲያ ማዶ» የምትባል ዓምዱን ነው። በዚያች ዓምድ ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ ፌስቡክ ጀግኖች፣ ሪባን ለመቁረጥ ብቻ ብቅ ስለሚሉ ነጫጭ መኪኖች ያላለው ነገር የለም። ደሞዝ የለውም፤ አለቃም የለውም። እናቱ ሰው ሲጠይቃቸው «ልጄ ሥራ እየፈለገ ነው» ይላሉ። መፈለግ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

አንድ አመል ነበረበት፤ ሁሉን ነገር ቀድሞ ይጽፋል። እውነቱን ለመናገር ይህን አመል ያስያዘው አገሩ ነው። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ሁለቱ የተገናኙ ዕለት ምንዋጋው የሳምንቱን፣ አንዳንዴም የወሩን አጠናቆ ይልካል። የገናን ጽሑፍ በኅዳር፣ የፋሲካን በጾሙ እኩሌታ ይጨርሳል። አቶ ዓለምነህ የሚባሉ ጡረተኛማ ታመው በተኙበት ለቀብራቸው የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አጽፈውት፣ ከዚያ ድነው ተነሥተው፣ ይኸው አራት ዓመት በየፋሲካው እየመጡ «እስቲ የዘንድሮዋን ጨምርባት» ይሉታል። እሱም ይጨምርላቸዋል። ባለፈው «ከአጭር ሕመም በኋላ» የሚለውን አስፍቀው «ከረጅም ዕድሜ በኋላ» አስብለውታል።

ጣጣው የመጣው በግንቦት ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዝቋላ ወረዳ በሚያስኬደው በኩል፣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ላይበር የምትባል መንደር አለች። ላይበር ቤተ ክርስቲያን አላት፣ ፍየል አላት፣ ጥሩ ማሽላ አላት፤ ውሃ ግን አልነበራትም። ሴቶቿ ገደሉን አንድ ሰዓት ወርደው፣ ጀሪካን ሞልተው፣ ሁለት ሰዓት ይወጣሉ። በዚያ ዓመት አንድ ድርጅት ከተራራው ላይ ምንጭ አጎልብቶ በቱቦ ሊያወርድላቸው ተነሣ። ሥራውን የያዘው መሐንዲስ በእውቀቱ ይባላል፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ሰው አክባሪ፣ ሠንጠረዥ የሚወድ ልጅ ነው። በሠንጠረዡ መሠረት የመንደሩ ሰዎች በሃያ ሃያ እየሆኑ የቱቦውን ቦይ ከግንቦት ሦስት ጀምረው በአሥራ አምስት ቀን ይጨርሳሉ፤ ዓርብ ግንቦት አሥራ ስምንት ቦኖው ይከፈታል። ምንዋጋው ደውሎ ሲጠይቀው በእውቀቱ ጥርጥር የለውም አለው።

ማክሰኞ ግንቦት አሥራ አምስት መብራትና ኔትወርክ ተገናኙ። የዚህ ዓይነቱ ቀን ከእጅ ካመለጠ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ምንዋጋው ተቀመጠና የዓርቡን ምረቃ ማክሰኞ ላይ፣ ቀኑን ሳይጠቅስ፣ እንደተፈጸመ አድርጎ ጻፈው። ቦኖው ተከፈተ፤ እልልታው ተራራውን ሞላው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ገበያ ላይ በሩቅ የሚያውቃቸው የላይበሯ መበለት ወይዘሮ አመተ ማርያም ትዝ አሉት። «አቅመ ደካማዋ መበለት የመጀመሪያውን ጣሳ ተቀበሉ» ብሎ ጻፈ። «እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እንባቸው ከውሃው ጋር ተቀላቀለ። ‹አሁን ብሞት አይቆጨኝም› አሉ።» አነበበው፤ ደስ አለው። ላከውና ሻይ ቤት ገብቶ ለራሱ ልዩ ፍርፍር አዘዘ።

ዓርብ ጠዋት የጻፈውን ሊያይ ወደ ላይበር ወጣ። እየዘፈነ ነው የወጣው። ቦኖው አለ፤ ሲሚንቶው ነጭ፣ ቧንቧው አዲስ። እልልታው ግን የለም። ከቦኖው ሽቅብ ሲሄድ ቦዩን ሳይሆን ያልተነካ ድንጋያማ መሬት አገኘ። ከሩቅ፣ ከተራራው ወገብ በላይ፣ ሃያ ሰው ዶማ ያነሣል። በእውቀቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሠንጠረዡን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎታል።

ሦስት መቶ ሜትር ይቀራል አለው። አሥራ አምስት ቀን ሰጥቷቸው የቆፈሩት ስምንት ቀን ብቻ ነው፤ ሰነፎች እንዳይላቸው በቆፈሩበት ቀን እንደ እነሱ የሚቆፍር አላየም፤ ምኑ ላይ እንደተሳሳተ ግን ሊገባው አልቻለም። ምንዋጋው ሠንጠረዡን ተቀብሎ አየ። ጆሮው ጋለ። አምስት አቦ። ስድስት እሑድ። ሰባት ሥላሴ። አሥራ ሁለት ሚካኤል። አሥራ ሦስት እሑድ። አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት። ትናንት ዕርገት። በእውቀቱስ የሰው አገር ሰው ነው፤ የወር በዓል በሙሉ ዶማ የሚሰቀልበት አገር አላየም ይሆናል። ምንዋጋው ግን የድጓ መምህር ልጅ ነው። ፊደል ሳይለይ በፊት የወሩን በዓላት በጣቶቹ አንጓ ቆጥሮ ይወጣ የነበረ ልጅ፣ ግንቦትን የሚያህል ወር ባዶውን ቆጠረው። አባቱ በሕይወት ቢኖሩ በመቋሚያ ይሉት ነበር።

ቀጥሎ ያለውን አሁን ቆጠረ። ነገ ቅዳሜ ገብርኤል ነው። ከነገ ወዲያ እሑድ ነው። ሰኞ ግንቦት ማርያም ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ ላይበር ውስጥ አንድም ዶማ አይነሣም።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። የጋዜጣው አዘጋጅ ትግስት ናት። ድምፅዋ በደስታ ቀጥኗል። ጋዜጣው ወጥቷል፤ ጽሑፉ የፊት ገጽ ላይ ነው፤ አንባቢ ከጠዋት ጀምሮ እየደወለ ያለቅሳል። ፎቶ አንሺዋ ማርታ ሰኞ ላሊበላ ገብታ ማክሰኞ ጠዋት ላይበር ትደርሳለች፤ እማማ አመተ ማርያምን ከነቦኖው ታነሣለች። ምንዋጋው ጉሮሮውን ጠረገና አንድ ነገር ልንገርሽ አለ። ትግስት አላስጨረሰችውም። ባለፈው ወር ሳይሄድ ስለ ገበያ የጻፈ አንድ ጸሐፊ ማባረሯን ነገረችው።

«አንተን የምወድህ ለዚህ ነው» አለችው። «ያላየኸውን አትጽፍም።»

መስመሩ ተቋረጠ። ምንዋጋው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቆመ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከማተሚያ ቤት የወጣማ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል። ላሊበላ መንገድ ተዘጋ ልበላት? ቦኖው ተበላሸ ልበል? ስምንት ዓይነት ውሸት አሰበ፤ ሁሉም ማክሰኞን አያልፉም። አሥራ አንድ ዓመት አፈር ልሶ ያገኛት አንዲት ዓምድ በአንድ ጣሳ ውሃ ልትሄድ ነው።

ያን ጊዜ ነው አንዲት ሴት ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝለው ከገደሉ አፋፍ ብቅ ያሉት። ጀሪካኑን ሳያወርዱ ፊቱ መጥተው ቆሙ። አያለከልኩም።

«አንተ ነህ ያስለቀስኸኝ?» አሉት።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ናቸው። አዲስ አበባ ያለችው የእኅታቸው ልጅ ጽሑፉን በስልክ አንብባላቸው፣ እሷም አልቅሳ፣ እሳቸው እስካሁን ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ምንዋጋው መሬት ብትውጠው በወደደ። ቀስ ብሎ አስረዳቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው ሰሙት፤ ከዚያ ጀሪካኑን አወረዱ። ጀሪካን ያወረደ ሰው ረጅም ጊዜ ሊናገር ነው ማለት ነው።

«አቅመ ደካማ አልኸኝ» አሉ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ፍየል ነድቼ ሩቁ ጽጽቃ ገበያ ደርሼ መጥቻለሁ። አንተ ከሰቆጣ እዚህ ስትደርስ እንኳ ሸሚዝህ ርሷል። ደግሞ ብሞት አይቆጨኝም ብዬስ? ለምንድን ነው የማይቆጨኝ?»

ምንዋጋው ሸሚዙን ቁልቁል አየ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን እየጣሉ ወረዱ፤ ነገሩን ከአፍ እየተቀባበሉ ይስቁ ጀመር። አንዱ ውሃው በጋዜጣ ከመጣ እኛ ለምን እንደክማለን አለ። ሌላው ጋዜጣው ሥር ጀሪካን ደቅኑ አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወጡ የነበሩት የአጥቢያው ቄስ፣ ቄስ ገብረ አማኑኤልም ሳቁን ሰምተው መጡ። የምንዋጋው አባት ያስተማሯቸው ሰው ናቸው። ነገሩን ካዳመጡ በኋላ ጽሑፉን አንብብልኝ አሉት። ምንዋጋው ስልኩ ላይ ያለውን እያፈረ ማንበብ ጀመረ። «አቅመ ደካማዋ መበለት» የሚለው ላይ ሲደርስ ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ቁም። ድገመው።»

ደገመው። ቄሱ ጺማቸውን ያዙ፤ ዓይናቸው ውስጥ ሳቅ ታየ። በላይበር በዓል ቀን ሰው የራሱን ማሳ አይነካም፤ የመበለት እህል ማጨድ፣ የአቅመ ደካማ ጎጆ መክደን ግን ከጥንት ጀምሮ የተፈቀደ ነው። እንዲያውም ለበዓል የሚመረጥ ሥራ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ቦይ ላይ ማንም አላሰበውም፤ ቦዩ የመንደሩ ሁሉ ነዋ።

«ቦዩ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ ቄሱ።

የሁላችንም ነው አሉ ሰዎቹ።

«የሁላችን ከሆነ በገብርኤል አይቆፈርም። ውሃው ለአመተ ማርያም የሚሄድ ከሆነ ግን፣ እሷም እዚህ እንደተጻፈው አቅመ ደካማ ከሆነች፣ ነገም ሰኞም መላው አጥቢያ ደቦ ይወጣል። እሑድን አንነካም።»

ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አመተ ማርያም ዞረ።

«እኔ ደካማ አይደለሁም» አሉ አመተ ማርያም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ልመና የሚዘረዝር ሰው ጊዜ የተረፈው ነው። ሴቶቹ ተጠርተው መጡ። ለሁለት ቀን ብቻ ደካማ ሁኚልን አሏቸው፤ ጉልበታቸውን ሳሟቸው፤ ከማክሰኞ በኋላ እንደፈለጉ መበርታት እንደሚችሉ ማሉላቸው። አንዷ ጎረቤት፣ ዓይናዲስ የምትባል፣ እኔ በሆንሁ ብላ ራሷን አቀረበች፤ ባሏ ከቆፋሪዎቹ መሐል ቆሞ ስለነበር አልተሳካላትም። አመተ ማርያም ጭራሽ ፊታቸውን አዞሩ። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ፤ ለበእውቀቱ የተረጎመለት የለም።

በመጨረሻ ሦስት ነገር ጠየቁ። ቦዩ በስማቸው ይጠራ። ይህ ጸሐፊም ይቆፍር። ሦስተኛውን ሲናገሩ ጣታቸውን ወደ ምንዋጋው ቀስረው ነው።

«እኔ ደካማ እንዳልሆንሁ ትጽፋለህ። እንዳላለቀስሁም። እዚያው ጋዜጣ ላይ፣ በዚያው ቀለም።»

ሁለቱ ቀላል ነበሩ። ሦስተኛው ግን ዓምዱን ሊያሳጣው ይችላል። ያን ከጻፈ ትግስት ጋዜጣው ሲወጣ ውሃው ገና እንዳልመጣ ታውቃለች። ቢቀር ደግሞ ላይበር እስከ ሰኔ ገደል ትወርዳለች ማለት ነው፤ ከፊቱ የቆሙት ሴቶች ጀርባ ላይ የጀሪካኑ ገመድ የሠራው መስመር ይታየዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ያፈሰሰው እሱ፣ ለቃሚውም እሱ።

እሺ፣ እጽፋለሁ አለ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ወጣ። ከማዶ መንደር ሳይቀር መጡ፤ የጋዜጣውን ወሬ የሰማ ሁሉ ያቺን ደካማ ሴት ለማየት ጓጉቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሦስት መቶ ሜትር ለሁለት መቶ ሰው ደግሞ ጨዋታ ሆነ። አቀንቃኙ «የአመተ ማርያም ቦይ» እያለ ያወጣል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ምንዋጋው በአሥረኛው ዶማ መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ በሃያኛው ፈረጠ፤ በሠላሳኛው ዶማውን ትቶ አካፋ ያዘ፤ አካፋውም አልራራለትም። ስለ ገበሬው ልፋት ስድስት ጽሑፍ ጽፎ ያውቃል፤ ስድስቱንም ማቃጠል አሰኘው። ከጎኑ የነበረ ሽማግሌ ዶማ እንደ እስክሪብቶ በጣት ጫፍ እንደማይያዝ በትሕትና አስረዳው። በእውቀቱ ሠንጠረዡን አጥፎ ከፀሐይ የሚከልል ባርኔጣ ሠርቶ ደፍቷል፤ አምሮበታልም።

ከባዱ ሥራ ግን የአመተ ማርያም ነበር። መቀመጥ ነበረባቸው። ቦዩ አፋፍ ላይ በተነጠፈ አጎዛ ላይ ተቀምጠው እስከ ረፋድ ታገሡ። ከዚያ አንዱ ወጣት ድንጋይ ሲፈነቅል አያያዙ አላማራቸውም፤ ተነሥተው ዶማውን ቀሙት።

«ተቀመጪ!» አሉ ቄስ ገብረ አማኑኤል ከወዲያ ጫፍ። «አንቺ ከበረታሽ ሁላችንም በደል ውስጥ ነን።»

ተቀመጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ተነሡ። ቀኑን ሙሉ ሲነሡና ሲያስቀምጧቸው ዋለ፤ ሰኞም እንዲሁ። የደቦ ባለቤት ማብላት ስላለባት ቆሎና ጠላ በስማቸው ከየቤቱ መጣ፤ እሳቸው ማደሉን እንኳ ሁለት እጅ ሙሉ ሥራ ነው ተብለው ተከለከሉ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ቱቦ ሲገጠም ሁሉም የሚያወራው ከቱቦው ይልቅ ስለ እሳቸው ስቃይ ነበር።

ማክሰኞ ማርታ ሁለት ካሜራ አንግታ ደረሰች። ሕዝቡ ቦኖውን ከቦ ቆሟል። በእውቀቱ ወደ ምንጩ ወጥቶ ውሃውን ከፈተ። ቧንቧው መጀመሪያ አስነጠሰ፤ አየር ብቻ። ቀጥሎ ቡናማ ጭቃ ተፋ። ከዚያ ውሃ። ንጹሕ፣ ብርድ ብርድ የሚል የተራራ ውሃ። እልልታው ምንዋጋው ከጻፈው ይበልጥ ነበር፤ ፍየሎቹ ሸሹ።

አመተ ማርያም ጣሳውን ሞልተው ጠጡና ሳቁ። ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ሳቁ። ማርታ በአክብሮት ጠጋ ብላ፣ እማማ፣ እንደዚያኛው ቀን ትንሽ ቢያለቅሱልኝ አለቻቸው።

«ያስለቀሰኝ እሱ ነው፤ እሱ ያልቅስ» አሉ።

ማርታ ዘወር ስትል ምንዋጋው እያለቀሰ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ራሱም አላወቀም። ያስለቀሰው ቦኖው አይደለም። ጀሪካናቸውን አዝለው የመጡት ልጃገረዶች ቦኖው ጋ ደርሰው፣ ሞልተው፣ የሚሄዱበት ገደል ስለጠፋባቸው ዝም ብለው መቆማቸው ነው። ቀኑ ገና ጠዋት ነው፤ የሚያደርጉት አጡ። ይህን ባለፈው ማክሰኞ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ አላሰበውም ነበር፤ ሊያስበውም አይችልም ነበር። አመተ ማርያም ጣሳውን ሞልተው ሰጡት። የቆሰለው እጁ አልይዝ ብሎት ተንቀጠቀጠ፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፤ የማርታ ካሜራ ጠቅ ጠቅ አለ።

በዚያው ቀን ኔትወርኩ ያለበት ድንጋይ ላይ ወጥቶ እርማቱን በሁለት አውራ ጣት ጻፈና ለትግስት ላከ። አልደወለችም። ረቡዕም አልደወለችም። ሐሙስ አቶ ዓለምነህ መጥተው ፊቱን አዩና ማን ሞተ ብለው ጠየቁት። ዓርብ አጭር መልእክት መጣለት፤ ዓምድህ ለሁለት ወር ትዘጋለች፤ ስትከፈት ያየኸውን ብቻ ትልካለህ፤ የላክኸው ግን የፊት ገጽ ላይ ነው። ምንዋጋው መልእክቱን አሥር ጊዜ አነበበው፤ አቶ ዓለምነህን አቅፎ ሳማቸው።

ጋዜጣው ሰቆጣ የደረሰው በሌላው ሳምንት በአውቶቡስ ነው። እጁ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ወደ ላይበር ይዞት ወጣ። ሁለት ፎቶ አለበት፤ አንዲት ሴት ስትስቅ፣ አንድ ጸሐፊ ሲያለቅስ። አመተ ማርያም ቦያቸው አፋፍ ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለህ አንብብ አሉት፤ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ምንዋጋው አነበበ።

«እርማት። ባለፈው ዕትም ላይበር ውሃ አግኝታለች የተባለው ስሕተት ነው፤ ያገኘችው ከዚያ በኋላ፣ ማክሰኞ ነው። ጸሐፊው ሳያይ ጽፏል። ወይዘሮ አመተ ማርያም አቅመ ደካማ አይደሉም፤ ሆነው የቆዩት ለሁለት ቀን፣ በሰው ልመና ነው። እጁ የተንቀጠቀጠውና ያለቀሰው ጸሐፊው ነው። ‹አሁን ብሞት አይቆጨኝም› አላሉም። ውሃውን ጠጥተው ሲጨርሱ ጸሐፊው በጆሮው የሰማው ይህን ነው፦ ‹አሁን ብሞት ይቆጨኛል።›»

አመተ ማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አዎ» አሉ። «ይህን ብያለሁ።»